መኪናዋ እስክትተኛ

እኔ ፈሪ ነኝ። ባሌ ይህን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ቀልድ አይደለም። ስልክ ያለ ሰዓቱ ሲጮህ ልቤ ስንጥቅ ይላል። አሳንሰር ውስጥ ስገባ በሩ ሳይዘጋ የአደጋ ጊዜውን ደወል በዓይኔ እፈልጋለሁ። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ ደረጃው መሀል ስደርስ እመለሳለሁ። ሥራዬም ቢሆን ለፈሪ ሰው የሚመከር አይደለም። ሆላንድ አገር፣ ዞተርሜር በምትባል ከተማ ከቤት ቤት እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። እዚህ ታውስዞርኽ ይሉታል። የሰው በር ከፍቼ በገባሁ ቁጥር፣ ሰላም ከማለቴ በፊት፣ ትንፋሽ መኖሩን አዳምጣለሁ።

የባሌ እናት ከደሴ ሲመጡ ፍርሃቱ ከሥራ ቦታ ተነስቶ ዴን ሃግ ያለው ቤቴ ገባ። ልጃችን ለትምህርት አምስተርዳም ከሄደች ወዲህ ባዶ የቀረው ክፍል ለእሳቸው ሆነ። ደግ ሴት ናቸው፤ ሳቅ ይወዳሉ። ልጃችን በስልክ «አያቴ፣ እንዴት ነሽ?» ስትላቸው እኔ እሳቀቃለሁ፣ እሳቸው ግን «እናቴ ከሞተች ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው የለም፣ ተያት» ይላሉ። ችግሩ መርሳታቸው ነበር። መጀመሪያ የምግብ ጨው ነው የረሱት፣ ከዚያ የሰገዱበትን ሰዓት፣ ከዚያ እኔን በባሌ እህት ስም መጥራት ጀመሩ። ሃውስአርትሱ፣ የሰፈራችን ሐኪም፣ ለምርመራ ቀጠሮ ሰጠንና እስከዚያው ተጠንቀቁ አለን። ለእኔ ዓይነቷ ሴት «ተጠንቀቂ» ማለት በእሳት ላይ ጋዝ ነው።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ሁለታችንም ሥራ ላይ ሳለን፣ ቤቱን ከፍተው ወጡና ትራም ተሳፈሩ። ለምን እንደወጡ እስከ ዛሬ እሳቸውም አያውቁም። ትራሙ የመጨረሻው ፌርማታ ሼቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር፣ ጥሏቸው ተመለሰ። ባሌ በነጠላቸው ጫፍ ስልክ ቁጥራችንን ቋጥሮላቸው ስለነበር አንዲት ሴት ፈትታ ደወለችልኝ። ስደርስ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸው ርሷል፤ ፊታቸው ወደ ውኃው ነው። ስሜን አልጠሩም። እጄን ግን እንዲህ ጭምቅ አድርገው ያዙኝና ቤት እስክንገባ አልለቀቁኝም። በዚያ አያያዝ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ የእኔው ነበር።

የዚያን ዕለት ራት ላይ፣ «ከእንግዲህ ስትወጡ ቆልፉብኝ» አሉ።

ባሌ ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ። «እማዬ፣ እስር ቤት ነው እንዴ?»

«ቤቱን አይደለም የፈራሁት፣ እግሬን ነው» አሉ። «ሳይነግረኝ ይወጣል። ቆልፉብኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ።»

ብዙ ተከራከርን። እኔ እሳቱን ፈራሁ፣ እሱ ሐሜቱን ፈራ። በመጨረሻ የታች ቤት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ ሆላንዳዊ፣ ትርፍ የቤታችንን ቁልፍ እንዲይዝልን ለመንነው፤ የምድጃውን መክፈቻዎች እየነቀልን ቦርሳችን ውስጥ ይዘን መውጣት ጀመርን፤ ቆለፍንባቸው። የሚገርመው ነገር እሳቸው ተረጋጉ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ከበሩ ኋላ «አልሀምዱሊላህ» ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ ወንበራቸው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ስመለስም እዚያው እንደዚያው ሆነው አገኛቸዋለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ጀርመን ሠራሽ ናት፤ ከሰው እጅ የገዛናት፤ ስንገዛት የመጣችው ከአንድ ቁልፍ ጋር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ እናሠራለን እያልን ሳናሠራ ቆየን። ያለ እሷ አንኖርም። ባሌ ሮተርዳም ወደብ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ፈረቃው ትራም ሳይጀምር ይጀምራል። የሥራ ጓደኞቹ ይዘውት በሚሄዱባቸው ቀናት ደግሞ እኔ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው የምሮጠው በእሷ ነው። ታዲያ በጋው እንደገባ መዳከም ጀመረች። መብራት ላይ ስትቆም ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሯን ራሷ ታጠፋ የነበረው ነገር ቀረ። ከዚያ ሰሌዳዋ ላይ የባትሪ ማስጠንቀቂያ ማብራት ጀመረች። አንድ ጠዋት ጭራሽ አልነሳም አለች። እኔ መሪውን ይዤ፣ ዞተርሜር ኢንሱሊኗን ከእኔ የምትጠብቀውን ሴትዮ እያሰብኩ፣ ላስነሳት ደጋግሜ ሞከርኩ።

ጋራዡ የሰጠን ቀጠሮ ሩቅ ነበር። ባሌ ራሴ እቀይረዋለሁ አለ። አብሮት የሚሠራ አንድ የወሎ ልጅ፣ ሮተርዳም የሚኖር፣ የእነዚህን የአዲስ ዘመን መኪኖች ኮምፒውተር የሚያናግር መሣሪያ አለው። ባትሪ ቀይሮ መሄድ የድሮ ነገር ነው ብሎ በስልክ አስረዳው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ባትሪውን አንተ አስገባ፣ ኮዲንጉን፣ ለኮምፒውተሯ ማስተዋወቁን፣ እኔ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እሠራልሃለሁ። ግን ዝም ብለህ እንዳትነቅል። መጀመሪያ ኮፋኖውን ክፈት። ከዚያ በሮቹን ዘግተህ በቁልፉ ቆልፋት። ቆልፈህ ጠብቅ፣ ኮምፒውተሮቿ ይተኙ። ሳትተኛ ከነቀልክባት ትቀወስብሃለች።»

«እንዴት አውቃለሁ መተኛቷን?» አለ ባሌ።

«ዝም ስትል ነዋ።»

ቅዳሜ ነበር፤ ሙቀት የሚባለው ነገር ለዴን ሃግ ሰዎች በዓል የሆነበት ቀን። ሰዉ ራቁቱን ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ሣር ላይ ተዘርሯል። ባሌ ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ማቆሚያ ላይ ኮፋኖዋን ከፍቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስልኩን የፊት መስታወቱ ሥር አስደግፎ የባትሪ አቀያየር ቪዲዮ ያያል። እናቱ ልጄ ሲሠራ ጥዬው አልገባም ብለው አብረውት ወርደዋል። የኋላውን በር ከፍቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ዛፉ ጥላ ጥሎ ነበር። እኔ ፎቅ ላይ ምሳ እየሠራሁ በረንዳ ወጥቼ አየኋቸው። የባሌ ጀርባ፣ ከመኪናዋ ወደ ውጭ የወጡ ነጭ ጫማ ያደረጉ እግሮች። ደስ አለኝ፤ ሁለቱም በዓይኔ ሥር ናቸው ብዬ ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ገጣጥመን ነው የተረዳነው። ባሌ ብሎን መፍቻ ሊያመጣ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ቤታችን ገባ። በዚህ መሀል ነፋስ ተነሳ። የዚህ አገር ሰው ነፋስ ሲመጣ እፎይ ይላል፤ እኛ ግን ነፋስ ሲመጣ እንዘጋለን። እኔ ራሴ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ሲሰደብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለባሌ እናት ደግሞ ፀሐይ የመታው ሰው ምች ይይዘዋል፣ ላብ ላይ ነፋስ የመታው ሰው ብርድ ይገባዋል፤ ከሁለቱም የሚያድነው መዝጋት ነው። እግራቸውን ሰበሰቡ፣ በሩን ወደራሳቸው ሳቡ፣ መስኮቱ እንደሆነ ጠዋትም በእሳቸው ትእዛዝ እስከ አፍንጫው የተዘጋ ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው ወንበሩ ላይ ጋደም አሉ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ባሌ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። የኋላው መስታወት ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ዝሁር ደርሶ ስለነበር ለመስገድ ወደ እኔ ወጡ ብሎ አሰበ። እኔ ፎቅ ላይ ከእሱ ጋር ናቸው ብዬ አስቤያለሁ። ቁልፉን ተጫነ። መኪናዋ መብራቷን ብልጭ አድርጋ ተቆለፈች። እነዚህ መኪኖች ከውጭ በቁልፍ ሲቆለፉ ለሌባ ተብሎ የውስጥ መክፈቻቸውም አብሮ ይሞታል፤ ይህን ያን ቀን ማናችንም አናውቅም ነበር። ከዚያ እንደተነገረው ቆሞ ጠበቀ፣ እስክትተኛ። ዝም ስትል ገመዱን ፈታ፣ አሮጌውን ባትሪ አወጣ።

አዲሱን ሊያስገባ ሲል ደግሞ የገዛው ባትሪ አዎንታዊው ራስ በተቃራኒው ጎን ሆኖ ተገኘ፤ ገመዱ አይደርስም። ተሳደበ ይመስለኛል። ያ ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ስለነበር ባክፊትሱን፣ ያቺን ከፊቷ ሣጥን ያላትን ብስክሌት፣ ለመነው። ሁለቱንም ባትሪዎች ሣጥኑ ውስጥ ጭኖ ሊያስለውጥ ወደ ሱቁ ነዳ። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ስልኩ መስታወቱ ሥር ተደግፎ ቀረ። እናቱ ውስጥ ናቸው። ፀሐይዋም ጥላውን እየገፋች መጣች።

ምሳው ሲደርስ በረንዳ ወጣሁ። ኮፋኖው ተከፍቷል፤ ሰው የለም። ወርጄ ጎረቤታችንን ባሌ የት ሄደ አልኩት። በእኔ ባክፊትስ ባትሪ ሊቀይር ሄደ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንዲት ቅጽበት እናቱን ሣጥኑ ውስጥ ጭኗቸው ሲነዳ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁና ሳቄ መጣ።

«እናቱም አብረው ናቸው?»

«የለም፣ ብቻውን ነው። እኔ የመሰለኝ እሳቸው አንቺ ጋ የወጡ ነበር።»

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ያ ባሕር መጣብኝ፣ ያ የራሰ ጫማ። በመኪናዋ አጠገብ፣ ምናልባት በክንዴ እየታከክኋት፣ አልፌ ወደ ትራሙ ፌርማታ ሮጥኩ።

ፌርማታው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ነጠላ በሆላንድኛ ምን ይባላል? ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ አሮጊት እያልኩ በእጄ ራሴ ላይ እያከናነብኩ አሳየሁ። ሰዎቹ አዘኑልኝ፣ ግን ያየ የለም። አንድ ወጣት ወደ ባሕሩ የሚሄደው ትራም አሁን እንዳለፈ ነገረኝ። ቀጣዩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ አንድ እግሬን አስገባሁ። ከዚያ በሌላ በኩል ተመልሰው ቤት በር ላይ ቆመው ቢሆንስ አልኩ። ወረድኩ። በሩ ተዘግቶ ሲሄድ እዚያ ውስጥ ብሆን ይሻል ነበር አልኩ። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፤ ሁለት መንገድ ያሳየኝና ሁለቱንም ይነጥቀኛል።

ወደ ቤት እየሮጥኩ ለባሌ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ወደ ማቆሚያው ስታጠፍ የስልኩ ጥሪ ተሰማኝ። በጆሮዬ ከያዝኩት ስልክ አይደለም፤ ከፊት ለፊቴ ነው፤ ከተከፈተው ኮፋኖ ሥር። የሚጮኸውን ስልክ ሳይ ያለኝ ተስፋ ሁሉ እዚያ ወደቀ፤ እሱንም ማግኘት አልችልም። ላነሳው ጎንበስ ስል በፊት መስታወቱ ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል፣ ነጭ ነገር አየሁ።

ዓይናቸው ተከፍቷል። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ እኔን እያዩ ነው። አላንኳኩም። አልጮኹም። ከዚያ ቀን ሁሉ ሕልሜ ላይ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ጩኸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በሩን ሳብኩ። ሌላውን ሳብኩ። አራቱንም ዞርኩ። «ከውስጥ ይክፈቱት!» እያልኩ በእጄ አሳየኋቸው። መክፈቻውን ሳቡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ እምቢ አለኝ ማለታቸው ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «ይመጣል» ያሉ መሰለኝ። ፊታቸው ቀልቷል። ያስደነገጠኝ ግን መቅላቱ አልነበረም። ላብ የለውም። በሙቀት የታፈነ ሰው እያላበው ከሆነ ገና ጊዜ አለ፤ ላቡ ከደረቀ ጊዜው እያለቀ ነው። ይህን በሥራዬ ተምሬዋለሁ፣ ከቤተሰቤ ላይ አነባለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

«እርዱኝ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ጎረቤታችን ሲሮጥ መጣ፤ መስታወቱን ተመለከተና ሳይጠይቀኝ ተመልሶ መዶሻ ይዞ መጣ። የባሌ እናት መዶሻውን ሲያዩ ጣታቸውን አወዛወዙ። ድምፃቸው በመስታወቱ ውስጥ ቀጥኖ ተሰማኝ። «ተዉ! የልጄን መኪና!»

ጎረቤታችን እጁን አነሳና ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው አትስበር እያሉ መሆኑ በሁሉም ቋንቋ ይገባል። በትዳር ዘመኔ ሁሉ የአማቴን ቃል አጥፌ አላውቅም።

«ስበረው!» አልኩ። ይህም በሁሉም ቋንቋ ይገባል።

ከእሳቸው ርቆ የፊተኛውን በር መስታወት መታው። ሲፈርስ የወጣው ሙቀት ክዳኑን እንዳነሱት ድስት ፊቴን መታኝ። እጁን አስገብቶ ከውስጥ ሊከፍት ሞከረ፤ አልከፈት አለ። ስለዚህ በመስታወቱ ቀዳዳ እኔ ገባሁ። ጉልበቴና መዳፌ ላይ ስብርባሪው ሲሰካ ይሰማኛል፣ ግን አያመኝም። በወንበሮቹ መሀል ወደ ኋላ ተሳብኩና አቀፍኳቸው። ሰውነታቸው ይፋጃል።

«እጅሽ ደማ» አሉኝ።

ጎረቤታችን ውኃ በውኃ ላይ አቀበለኝ። ነጠላቸውን አርሼ አንገታቸውና ብብታቸው ሥር አደረግሁ፣ ከንፈራቸውን አራስኩ። እሱ ውጭ ቆሞ አምቡላንስ እየጠራ ነው። ትንሽ እንደቆየን ወደ መስኮቱ ዞር አሉና በጣም በቀስታ፣ «ትራሙ ደረሰ?» አሉኝ።

ያኔ ነው የሚሞቱ የመሰለኝ። እዚያ ውስጥ፣ ሁለታችንም ተቆልፈን። «ደርሷል እማዬ፣ አሁን እንወርዳለን፣ አብሽሩ» እያልኩ ፊታቸውን ደጋግሜ አጠብኩ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ደባለቅሁት።

ባሌ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ከሩቅ የተሰበረውን መስታወት አየና ሌባ ነው ብሎ እየተቆጣ ብስክሌቷን አፈጠነ። ቀርቦ ሁለታችንን ሲያይ ብስክሌቷን ከነባትሪው ለቀቃት፤ ወደቀች። ቁልፉን ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ፤ ባትሪ የሌላት መኪና ምን ትሰማለች። ጎረቤታችን ቁልፉን ከእጁ ነጥቆ ከውስጡ በሩን በእጅ የምትከፍተውን ትንሿን ብረት መዘዘለት። የፊተኛው በር ተከፈተ፣ በዚያም የኋላውን ለቀቅነው። ባሌ እናቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ጥላው ወሰዳቸው።

የአምቡላንሱ ሰዎች የደም ግፊታቸውን ለኩ፣ ልባቸውን አዳመጡ፣ በበረዶ ከረጢት አቀዘቀዟቸው። ስማቸውን፣ ያሉበትን አገር ጠየቋቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሁሉንም መለሱ፣ እንዲያውም ሆላንድ የሚለውን አሳምረው ጠሩት። ትኩሳታቸው ሲወርድ፣ ቤት ይቆዩ፣ ይጠጡ፣ መቀባዠር ከመጣ ወዲያው ደውሉ ብለውን ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አልነቀልኩም፤ የተናገሩትን ቃል ሁሉ ትክክል መሆኑን እመረምር ነበር።

ያ የሮተርዳሙ ልጅ ሲመጣ ፀሐይዋ ቀዝቅዛለች፣ ብርሃኑ ግን እንዳለ ነው። እኔ መኪናዋን ሰው እንዲነካት አልፈለግሁም፤ ተጎትታ ብትሄድ ደስታዬ ነበር። የባሌ እናት ግን ልጁ ለእኛ ብሎ ከሮተርዳም መጥቶ እንዴት ዝም ይባላል ብለው ውረዱ አሉን፤ ራሳቸውም ካልወረድኩ አሉ። ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ወንበር አወጣላቸው፤ እኔ አጠገባቸው እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጁ የተለወጠውን ባትሪ አስገብቶ ገመዱን አሰረ፤ ከመሪው ሥር መሣሪያውን ሰክቶ ወደ ላፕቶፑ አጎነበሰ።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ።

ልጁ ቀና ብሎ በአክብሮት መለሰላቸው። «እማማ፣ መኪናዋ እስካሁን የድሮው ባትሪ ያለ ይመስላታል። ያኛው ደካማ ስለነበር በእሱ ልክ ነው የምትሞላው፣ በእሱ ልክ ነው የምትጠነቀቀው። ይሄ አዲስ ነው ብለን ካልነገርናት በድሮው ልማዷ ትቀጥላለች።»

«ታዲያ ንገሯታ» አሉ። ልጁ ሳቀ። ባሌ ብቻ አልሳቀም፤ በፊተኛው በር በኩል ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፣ የተሰበረውን መስታወት ይለቅማል።

ጥያቄው ከቀን ጀምሮ አንገቴ ላይ ቆሞ ነበር። ለመጠየቅም፣ መልሱን ለመስማትም ፈርቼ ነው ያቆየሁት። «እማዬ» አልኩ፣ «ሲነቁ ተቆልፎብኛል ብለው ለምን አላንኳኩም? ጎረቤቱ እኮ እዚሁ ነበር።»

እንደማይገባት ሰው አዩኝ። «ቀጭ ሲል በእንቅልፍ ልቤ ሰማሁት» አሉ። «ሥራ የሄዳችሁ መሰለኝ። ስትቆልፉብኝ ቁጭ ብዬ ልጠብቃችሁ፣ እንዲያ አይደል የተባባልነው?»

የመስታወት ለቀማው ድምፅ ቆመ። ባሌ ሳይዞር መዳፉን መኪናዋ ላይ አስደግፎ አቀረቀረ። ልጁም ላፕቶፑ ላይ ያለውን ነገር ትቶ መሬት መሬት አየ። እኔ እዚያው፣ የሰው ደጃፍ ላይ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እሳቸው «ምን ሆነሻል፣ ጤነኛ ነኝ እኮ፣ አብሽሪ» እያሉ በዚያች በረጠበች ነጠላቸው ጫፍ፣ ስልክ ቁጥራችን በተቋጠረባት፣ ፊቴን ጠረጉልኝ። ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ ተነሳች። ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ ማንም ደስ አላለውም።

እሁዱን ሙሉ ተነጋገርን። ባሌ ከእንግዲህ አይቆለፍም አለ። እኔም አይቆለፍም አልኩ፤ በልቤ ግን ባሕሩ አለ፤ ቢወጡስ እላለሁ። ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ በሩን እንደሚያይልን ቃል ሰጠን። እኔ በየመሀሉ እንድመለስ የሥራ ዙሬን አስለወጥኩ። እሳቸውን ግን ማሳመን አቃተን። «ካልቆለፋችሁ እንዴት እቀመጣለሁ? ልቤ ዕረፍት የለውም» አሉና እንደ ልጅ አኮረፉ። ባሌ እጃቸውን ስሞ እሺ አላቸው፤ ምን እሺ እንዳለ ግን እኔም እሱም አላወቅንም።

ሰኞ ማለዳ ባሌ ቀድሞ ወጣ። እኔ ውኃቸውን አጠገባቸው አድርጌ፣ ነጠላቸውን አስተካክዬ፣ የምድጃውን መክፈቻዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁና ቁልፉን ከተትኩ። አዞርኩት፤ ቀጭ አለ። ይህን ሰምተው ይረጉ ብዬ ነው። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ መለስኩት። በሩ አሁን ክፍት ነው። ሁለቱም ፍርሃቶቼ ደረጃው ላይ አብረውኝ ቆመዋል፤ የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ልሄድ ስል ከበሩ ኋላ፣ በጣም ከቅርብ፣ ድምፃቸው መጣ።

«ሁለተኛው ቀጭ ያለው መክፈቻው ነው።»

ልዋሽ አልቻልኩም። «አዎ፣ እማዬ።»

«አልሀምዱሊላህ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። መዳፋቸው በሩን ሲነካ፣ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

«እንግዲያስ ቶሎ ነይ፣ ልጄ» አሉ።